ጋሽ ሽብሩ የሰጡን ቀጠሮ

ባለፈው ሰኞ መሀል ከተማ ጄፒ መንገድ ላይ ወዳለው ሱቄ አዲስ ብርድ ልብስ ገባ። ሠራተኞቹ የመጀመሪያውን ላስቲክ ሲቀድዱት ያ ሽታ ወጣ፤ ትንሽ ቀለም፣ ትንሽ ናፍታ የሚል፣ ሌላው ሰው አፍንጫውን የሚይዝበት ሽታ። እኔ ግን ሳላስበው እጄ ወደ ቀበቶዬ ሄደ። ልጄ ሀያት አየችኝና፣ «ባባ፣ አር ዩ ኦኬይ? ወገብህን አመመህ እንዴ?» አለችኝ። እዚህ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ሳታቀላቅል አትናገርም። «ወገቤን አይደለም፤ ደሳለኝን ነው» አልኳት። ነገሩ ስላልገባት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደሳለኝን አጎቴ እያለች ነው ያደገችው። በዚህ ክረምት ሞቶ ሬሳውን ወደ ሆሳዕና የላክን ዕለት ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የጮኸችው። የማታውቀው፣ እኔና እሱ ስንካሰስ የኖርን ባላጋራዎች እንደነበርን፣ ዳኛችን ፍርድ ሳይሰጡ እንደሞቱና አሁን ግን አንዳችን የግድ መርታት እንዳለበት ነው።

እኛ ወደዚህ ከተማ ስንመጣ ብርድ ልብስ የሚሸጠው በትከሻ ነበር። የዛሬ ልጆች በስልክ ፎቶ ልከው ይሸጡና፣ ጫማቸው አቧራ ሳይነካው ነጋዴ ነን ይላሉ። እኛ ገና በጠዋቱ ብርድ ልብሱን በአንዱ ትከሻ፣ የአልጋ ልብሱን በሌላው አንጠልጥለን ታክሲ ተጋፍተን ሎኬሽን እንወርዳለን። ሎኬሽን የምንለው ከከተማው ራቅ ብሎ ጥቁሮቹ የሚኖሩበትን ሰፈር ነው፤ ቶኮዛን፣ ጻካኔን፣ የመሳሰሉትን። የታክሲው ዋጋ ዛሬ ማስቲካ አይገዛም። ሹፌሩ ሆድ የሚደበድብ ሙዚቃ ከፍቶ ይነዳል፤ ወርደንም ጆሯችን ሲዘፍን ይቆያል። ማታ ሂልብሮው ወደሚገኘው ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ካሴት፣ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ እናዳምጣለን። ደሳለኝ በዚያ ሁሉ ሙቀት በባለ መስመር ቱታ ላይ የቆዳ ጃኬት ይደርብ ነበር። «ላብህ ሊገድልህ ነው» ስለው፣ «ሰው የሚገዛው ከለበሰ ነጋዴ ነው» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ከእኔ የበለጠ ይሸጥ ነበር፤ ዙሉኛ ቶሎ ስለለመደ ይሁን በጃኬቱ፣ አላህ ይወቅ።

ሂልብሮው የምንኖርበት ፎቅ ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል። አንዱን ክፍል በአንሶላ ከፋፍለን የምንኖር ሰዎች ስንሆን በመስኮቱ በኩል ያለውን ማዕዘን የያዙት ጋሽ ሽብሩ ነበሩ። ከላይ የወታደር ካፖርት፣ ከሥሩ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገታቸው ላይ ከረባት። ሃምሳ አለቃ የሚላቸውም ነበር፣ ጠበቃው የሚላቸውም ነበር፤ ሁለቱንም ነበሩ። የተወለዱት በደቡብ ጠረፍ፣ አስፋልቱ አልቆ አቧራው ከሚጀምርበት ከተማ ነው። ከተማዋን የቆረቆሩት አያታቸው እንደሆኑ ይናገሩ ነበር። አያትየው በድሮ ዘመን ከአንድ መኰንን ጦር ጋር ጠብመንጃ ተሸክመው ወርደው፣ ጦሩ ሲመለስ እሳቸው ቀሩ። የውኃ ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ገበያ አቆሙ፣ ሙግት ያለበት ሰው ሲመጣ ጠበቃም ዳኛም እሳቸው ሆኑ። ጋሽ ሽብሩ ይህን ሲያወሩ ሻያቸው ይቀዘቅዛል።

እኔ የስልጤ ልጅ ነኝ፤ ዝም ማለት አላውቅበትም። አንድ እሑድ፣ «ጋሼ፣ የርስዎ አያት ዳኛ ሲሆኑ እኮ የእኔ አያት ተከሳሽ ነበሩ» አልኳቸው። ደሳለኝ በክርኑ ጎሸመኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ከረባታቸውን ላላ አድርገው ትንሽ አሰቡና፣ «እውነትህን ነው። አያቴ የሚፈርዱበትን ሰው ቋንቋ አያውቁም ነበር። ጠዋት በአስተርጓሚ ሰምተው ከሰዓት ይፈርዱ ነበር። እኔ ለዚህ ነው ለፍርድ የማልቸኩለው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

እሳቸውም በዚያችው የጠረፍ ከተማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዣንጥላ ዘርግተው አቤቱታ ከመጻፍ ተነሥተው ነው ጠበቃ የሆኑት። ዘመቻ መጣና መሣሪያ አስያዟቸው። ጦሩ ሲበተን ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ በእግርም በጭነት መኪናም፣ አገር እያቆራረጡ እዚህ ደረሱ። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው አንድም ቀን መልሰውልን አያውቁም። ስለ ሙግት ከጠየቅናቸው ግን ያ ቀን አለቀ ማለት ነው። እድራችንን ያቆሙትም እሳቸው ናቸው። አንድ የከምባታ ልጅ ሞቶ ሬሳ ቤት ጠያቂ አጥቶ ሰነበተና ጋሽ ሽብሩ ከረባታቸውን አስረው በየሱቁ ዞሩ። አንድ ነጋዴ፣ «የማን ወገን ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «የእኔ ነው። አንተም ስትሞት የእኔ ነህ» አሉት። ሰውየው አፍሮ ኪሱ ገባ። ከዚያ ወዲህ እስላም ክርስቲያን ሳንባባል ሬሳችንን አብረን እንሸኛለን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እሳቸው አልበሉም፤ ሲቆጫቸውም አላየሁም። ያችኑ ካፖርት ለብሰው መጡ፣ ያችኑ ለብሰው ሄዱ።

ወደ ክሳችን ልምጣ። እኔና ደሳለኝ በትከሻ መዞሩ ሲሰለቸን ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ ከፈትን። ስፓዛ ሰው ከሚኖርበት ግቢ ውስጥ የምትከፈት ትንሽ ሱቅ ናት። ግቢው የማማ ኖምሳ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ስትስቅ መንገዱን የምትሞላ ሴትዮ ናት። ደሳለኝን ልጄ ትለዋለች። ማታ ማታ የበቆሎ ገንፏቸውን፣ ፓፕ የሚሉትን፣ በወጥ ታቀርብለታለች፤ እሱም እየጠቀለለ ሲበላ ቆማ ታየዋለች። እኔንም ትጠራኝ ነበር። በላሁ እንጂ አልተላመድኳትም። ታዲያ ሱቋ አንዴ ተሰበረች፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተሰበረች። እኔ የአገሬ ልጆች ወዳሉበት ጻካኔ እንሂድ አልኩ። ደሳለኝ፣ «ማማን ጥዬ የትም አልሄድም» አለ። ንዴቴ መጣና፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አልኩት። እሱም ሳይውል ሳያድር፣ «አንተ ደግሞ የበላህበትን ወጪት ሰባሪ ነህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ መነጋገር ቀረ።

መነጋገር ይቅር እንጂ ሱቋ አንዲት ናት። ምን እናድርግ? ወለሏን መሀል ለመሀል በኖራ አሰመርናት። ግራው የእሱ፣ ቀኙ የእኔ። ዳቦና ወተት እሱ ጋ ደረሱ፣ ስኳርና ሻይ እኔ ጋ። ሻማ እሱ ጋ፣ ክብሪት እኔ ጋ። ዳቦና ስኳር የፈለገ ደንበኛ መጀመሪያ ከእሱ ገዝቶ፣ ከፍሎ፣ መልሱን ተቀብሎ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ እንደ አዲስ ከእኔ ይገዛል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀብን፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ በመጨረሻ ማዶ ካለው ሱቅ መግዛት ጀመረ። እኛም ሰው በሌለበት ሱቅ ጀርባችንን ሰጥተን ቆመን እንውል ነበር። ይባስ ብሎ ጻካኔ ያሉት የእኔ ሰዎች ደሳለኝ ይውጣ ሲሉ፣ የሆሳዕናዎቹ ደግሞ እኔን «ሸምሱ ይውጣ» አሉ። የሁለት ሰው ኩርፊያ የሁለት አገር ሰው ጠብ ሊሆን ትንሽ ቀረው። እድሩም እንዳይሰነጠቅ ያሰጋ ነበር።

ጋሽ ሽብሩ ሰሙና እሑድ አስጠሩን። የእድሩ ሽማግሌዎች የቢራ ሳጥን ላይ ተደርድረዋል። ሁለታችንም ቆመን፣ እኔ ቀድሜ፣ «ከሳሽ እኔ ነኝ» አልኩ። ደሳለኝ፣ «የለም፣ ከሳሽ እኔ ነኝ» አለ።

«ጉድ ነው!» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ሁለት ከሳሽ ያለው፣ ተከሳሽ የሌለው ሙግት ዛሬ ገና አየሁ። በሉ ንገሩኝ።»

ነገርናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው እያቋረጠ፣ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ሽማግሌዎቹ ዕቃውን ተካፍለው ይለያዩ አሉ። ጋሽ ሽብሩ ግን ይዤው የመጣሁትን ብርድ ልብስ አይተው፣ «ጠርዙን ቅደድልኝ» አሉኝ። ቀደድኩ። አንዱን ጫፍ ከእኔ ቀበቶ፣ ሌላውን ከደሳለኝ ቀበቶ ቋጠሩት። ያ የአዲስ ብርድ ልብስ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«በአያቴ ዘመን» አሉ፣ «ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ነበር ወደ ዳኛ የሚሄዱት። ቁራኛ ይባል ነበር። አንዱ እንዳይጠፋ ሌላው ጠባቂው ነው። ዳኛው ሩቅ ስለሆነ አብረው ሄደው አብረው ይበላሉ፣ ዛፍ ሥር አብረው ያርፋሉ። ግማሹ ሙግት መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ከአያቴ ሥራ የምወደው ይህን ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ ሱቅ እንዴት ልንሸጥ ነው?» አለ ደሳለኝ።

«እንደተቋጠራችሁ። ለእንቅልፍና ለጸሎት ትፈቱታላችሁ። ከዚያ ውጪ የፈታ ተረታ።»

«ፍርዱስ?»

«ስጠራችሁ።»

እንዲህ ሆነን ሰኞ ጠዋት ታክሲ ገባን። አጠገባችን የተቀመጡ አሮጊት ጨርቁን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ዪኒ ለ?» አሉ፤ ምንድነው ይሄ ማለታቸው ነው። ደሳለኝ በዙሉኛ ሲያስረዳቸው ታክሲው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ማማ ኖምሳ ስታየን ደረቷን ይዛ ሳቀች፣ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠርጋ፣ «የናንተም ሽማግሌዎች እንደኛዎቹ እብዶች ናቸው» አለች። እሱ ወተት ሊያወጣ ሲሄድ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ እኔ ስኳር ስሰፍር እሱ አጠገቤ ቆሞ ያዛጋል። «ሳብ አታድርገኝ» የሚለው ከኩርፊያው በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። «አንተ ቀስ በል» አልኩት። ሰላምታ ባይሆንም ንግግር ነው። የኖራውን መስመር ማንም አልደመሰሰውም፤ እግራችን በላው። ዓርብ መስጊድ በር ላይ ስፈታው ደሳለኝ ጨርቁንና ጫማዬን ይዞ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እሑድ ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ ያንን ከባድ የቆዳ ጃኬት ታቅፌ እቆማለሁ። መዝሙራቸው አያልቅም ነበር።

ከዚያ ያ የእሳት ሰሞን፣ የመጤ ሱቅ እየተለየ የሚቃጠልበት፣ መጣ። ቀኑንና ምክንያቱን የሚያውቅ ይጻፈው፤ እኔ የማውቀው ድምፁን ነው። ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ጫፍ ዘፈን የሚመስል ነገር ሰማን፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ሲደበደብ፣ ቀጥሎ መስታወት ሲረግፍ። ማዶ ያለው ሱቅ ጢስ ወጣው። እኔ ወደ መንገዱ፣ ወደ ጻካኔ ታክሲ ልሮጥ ተነሣሁ። ደሳለኝ ወደ ማማ ኖምሳ ማድቤት ዞረ። ጨርቁ ተወጠረ፣ ቋጠሮው ጠበቀ።

«ፍታው!» አልኩት።

«አንተ ፍታው!» አለኝ።

በዚያች ሰዓት እንኳ፣ አላህ ይማረን፣ የፈታ ተረታ የሚለውን አልረሳንም። ግን ደሳለኝ ከእኔ ይከብዳል። እየጎተተ አስገባኝ። ማማ ኖምሳ በሩን ከውጭ ዘጋችብንና አጥሩ በር ላይ ቆመች። ማድቤቱ ጠረጴዛ ሥር ተደፍተን ድምጿን ሰማነው፤ «አባንትዋና ባሚ ላባ!» ልጆቼ ናቸው እያለች ነው። ደጋግማ ጮኸች። ሰዎቹም ጮኹ። የደሳለኝ ልብ ከእኔ ጎን ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ እሱም የእኔን ሳይሰማ አልቀረም። ሱቋን አቃጠሏት። የማማን ቤት ግን አልነኩም። ወደ ታክሲው ከሮጡት ያገራችን ልጆች አንዱን በኋላ እድሩ በሳጥን ሸኘው። ሲረጋጋ ማማ ገብታ ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረች፣ አቃታትና መቀስ አምጥታ መሀሉን ቆረጠችው። ግማሹ ከእኔ፣ ግማሹ ከደሳለኝ ቀበቶ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በማግሥቱ ጋሽ ሽብሩ ፊት ቆምን። ልብሳችን ጢስ ጢስ ይላል።

«ረታሁ!» አልኩ። «ጻካኔ እንሂድ ብዬ ነበር፤ ይኸው ሱቁ ነደደ።»

«እኔ ነኝ የረታሁት!» አለ ደሳለኝ። «ማማን አንተውም ብዬ ነበር፤ ይኸው እሷ ባትኖር አንተ ዛሬ አትከራከርም።»

ጋሽ ሽብሩ ሁለቱን ቁራጭ ጨርቅ ይዘው፣ «ማን ነው የፈታው?» አሉ።

«ማማ ኖምሳ ቆረጠችው።»

ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ሲስቁ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ካፖርታቸው እጅጌ ላይ እየጠረጉ፣ «አንዳችሁም አልፈታችሁትም። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። አያቴ ቢሆኑ ይፈርዱ ነበር። እኔ ቀጠሮ ሰጥቻችኋለሁ» አሉና ግማሽ ግማሹን ጨርቅ መለሱልን።

በቀጠሮው መሀል ዕድሜ አለፈ። ጄፒ ላይ የብርድ ልብስ ሱቅ አብረን ከፈትን፣ ሁለታችንም አገባን፣ ልጆቻችን አንድ ምንጣፍ ላይ ዳዴ አሉ። ማማ ኖምሳ ስትሞት ደሳለኝ ከልጆቿ ጋር ሳጥኗን ተሸከመ፤ እኔም በአንድ ጎን ገባሁ። ጋሽ ሽብሩ አርጅተው የአልጋ ቁራኛ ሲሆኑ አንድ ላይ ሄደን ጠየቅናቸው። ከረባታቸው አልጋው ራስጌ ላይ ተሰቅሏል። ደሳለኝ ቀልድ አስመስሎ፣ «ጋሼ፣ ፍርዳችንንስ?» አላቸው።

«አያቴ የፈረዱላቸው ሰዎች» አሉ ቀስ ብለው፣ «የረታውም የተረታውም ከዚያ በኋላ ሰላም አልተባባሉም። እናንተ ይኸው አሁንም የመጣችሁት አንድ ላይ ነው። ቀጠሯችሁ አንዳችሁ ሌላውን የሸኛችሁ ዕለት ነው። ባላጋራው ያልቀረበለት ይረታል። ሕግ ነው።»

ራሳቸው ባቆሙት እድር ሸኘናቸው። እኛም ሕጉን መቀለጃ አደረግነው። ደሳለኝ ሲያስለው፣ «ልረታህ ነው መሰለኝ» እለዋለሁ። እኔ ሆስፒታል ስተኛ ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ «ሸምሴ፣ አደራ እንዳትቀር፤ እንዲህ በቀላሉ መርታት አልፈልግም» አለኝ። ጨርቁ ከተቆረጠም ወዲህ ዓርብ ዓርብ መስጊዱ በር መምጣቱን አልተወም። ሰው፣ «አንተ ክርስቲያኑ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ሲለው፣ «ክሳችን አልተዘጋም» ይላል። አጥሩ ላይ ተቀምጦ ጫማዬን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሚያልፈው ሰው ጋር ዙሉኛውን ያወራል። ሽማግሌ ከሆነ በኋላ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ጫማዬን ጃኬቱ ሥር ይሸጉጥልኝ ነበር።

በዚህ ክረምት ልቡ ቆመ። የእኔን ግማሽ ጨርቅ ሳጥኑ ውስጥ ላኑርለት ብዬ ኪሴ ይዤ ሄጄ ነበር። ስደርስ ግን ሳጥኑ ታሽጓል። ክፈቱልኝ ማለት አፈርኩ። እንደያዝኩት ተመለስኩ። ሀያት መኪና ውስጥ ስታለቅስ እኔ አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ናፍቆት እንዲህ ዘግይቶ፣ በብርድ ልብስ ሽታ እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ዓርብ ነበር። ሰግጄ ወጣሁ። ጫማዬ ከሰው ሁሉ ጫማ ጋር መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አነሣሁት፣ ግን አላጠለቅኩትም። አጥሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ በካልሲዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ባላጋራዬ አልቀረበም። ረታሁ።